አረንጓዴው ውሃና የጋሸና ዳገት

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን 1974

የላሊበላ ጽሕፈት ቤታችንን የፔጆ ፒክአፕ ቁልፍ ተረከብኩ። ፔጆዋን አጠብኳት። የደሴን ጭቃ እንደለበሰች ነበር። ከሰኔ ጀምራ ጋራዥ ቆማ፣ የሞተሯ ራስ ተቀይሮላት ሰሞኑን ነው የመጣችው። ራዲያተሩ ግን የድሮው ነው። አዲስ አልተገኘም አሉ።

ቤንዚን የለም፤ ኩፖኑ አልተፈረመም። እና አጠብኳት፣ ተቀመጥኩባት፣ ወረድኩ። እንደገና ተቀመጥኩ።

ወንበሩ በፊተኛው ሾፌር በአረጋ ቁመት ነው የተስተካከለው። ወደ ፊት ሳብኩት። እሱ ወልዲያ ወህኒ ቤት፣ እኔ ወንበሩ ላይ… ቅር አለኝ። ምን ላድርግ? ጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ስንት ዘመን ተንጠለጠልኩ። አሁን ሾፌር ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰኔ ላይ አረጋ ምርጥ ዘር ጭኖ ለደጋው ገበሬ ማኅበራት ሲያደርስ፣ ጋሸና ዳገት ላይ ሞተሩ ፈልቶ ተቃጠለበት። ጎታች እስኪገኝ ዝናብ መታው። ዘሩ ጆንያ ውስጥ በቀለ። «ኢኮኖሚያዊ አሻጥር» ተባለ። አውቆ አቃጠላት ተባለ። አረጋ! ፔጆዋን ከሚስቱ ከአልጣሽ ይበልጥ ያያታል እየተባለ የሚታማ ሰው።

ካድሬያችን ጓድ ሀብተ ሥላሴ ቁልፉን ሲሰጠኝ «ጓድ ሰጠኝ፣ ይቺ መኪና አንድ ነገር ብትሆን ከአረጋ ጎን ቦታ አለ» አለኝ። ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። ምን ያስቀኛል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ኩፖኑ ተፈርሞ ወጣሁ፣ ደጋው ላይ አደርኩ። ጠዋት መስታወቱ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ሮጥኩና የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ተራ ውሃ! ጋራዡ ተራ ውሃ ሞልቶ ነው የላካት። ብርዱ ትንሽ ቢጠና ኖሮ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቃት ነበር።

ስመለስ ደግሞ ሌላ ጭንቀት። ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። እዚህ አገር ባቄላው ሳይበስል ውሃው ይፈላል፤ ድስት የጣደ ሁሉ ያውቀዋል። ቆላ ላይ የማትፈላ መኪና ደጋ ላይ ትፈላለች። በሌሊት ይረጋል፣ በቀን ይፈላል። ውሃ አይሆናትም።

ጭነት መኪናውን ከወንዝ እየቀዳን ነበር የምናጠጣው። ያ ሞተር ብረት ነው፣ ምንም ችሎ ይሄዳል። የዚች ግን የሞተሯ ራስ አልሙኒየም ነው። የአውሮፓ መኪና ቅምጥል ናት፤ የራሷን ኩላንት፣ ከውሃ ጋር የሚደባለቀውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ትፈልጋለች። የትኛውን? ቢሳሳትብኝስ?

ኩላንት ግዙልኝ ብዬ ንብረት ክፍሉን ጠየቅኩ። «ላሊበላ ውስጥ ውሃ ጠፋ እንዴ?» አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ወልዲያ። ኡሙሀኒ ሱቅ ገባሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመኪና ዕቃውን የምትሸጠው እሷ ናት። ሁለት ጣሳ አወጣችልኝ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። አንዱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሌላውን አነሳሁ። ተመልሼ የመጀመሪያውን አነሳሁ። ደንበኞች ገብተው ወጡ።

«ቀለሙን ምን ታያለህ? ቀለም ማንም ይነክራል» አለችኝ።
«ታዲያ በምን ልወቅ?»
«መኪናህ ማናት?»
«ፔጆ። የላሊበላዋ።»
ሁለቱንም ጣሳ አገላበጠች። ከዚያ ሰማያዊውን ወደ ራሷ ሳበችው። «ይሄ ለከባድ መኪና ነው። የሷ የሞተር ራስ አልሙኒየም ነው፣ ይበላባታል። ይሄኛውን ውሰድ። ግማሽ በግማሽ፣ በዝናብ ውሃ። የጉድጓድ እንዳትቀላቅል፣ የምንጭም። ወላሂ፣ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ትመጣለህ። አረጋም ይሄን ነበር የሚወስድ።»

አረጋም ይሄን?

ታዲያ ለምን ፈላችበት?

ወህኒ ቤት ሄድኩ። አልጣሽ የላከችውን በሶ አደረስኩለት። ከስቷል። ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ፔጆዋ ጠየቀኝ። ከዚያ አፈረና ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ።

«ውሃዋ ይጎድልብህ ነበር?» አልኩት።
«እሱ ነው የገረመኝ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ሙሉ ነው። ጎበዝ መኪና እል ነበር።»
«ቀለሙስ?»
አሰበ። «ከፋሲካ ወዲህ ነጣ ያለ መሰለኝ። አርጅቶ ነው አልኩ…»

ዘበኛው ሰዓት ደረሰ አለ። ውሃ የማይጎድላት መኪና እንዴት ትፈላለች? መንገዱን ሁሉ ይሄን ሳኝክ መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19

ትናንት ተራውን ውሃ ደፍቼ ኩላንቱን ሞላሁ። ግማሽ በግማሽ፣ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በነጠላ አጥልዬ። ዛሬ ጋሸና ወጥቼ ወረድኩ። ቀስቷ መሐል ላይ ቆመች። ሌላ ሰው ቢያየኝ ያበደ ይለኛል፤ ብቻዬን ስዘፍን ነው የመጣሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 21

ሳልተኛ ልጻፈው።

ዛሬ ማርያም ናት። ማለዳ ግቢ ስደርስ ጥበቃው አያ ሞላ ከፔጆዋ ሥር ተኝተዋል። ሁለት እግር ብቻ ነው የሚታየኝ። ያ የገዛሁት አረንጓዴ ውሃ ሣሩ ላይ ይፈሳል። አጠገባቸው አንድ ቅል ፀበል ቆሟል።

«አያ ሞላ! ምን እያደረጉ ነው?»
«እንዴት አደርህ ልጄ። ቆይማ፣ ልጨርስ።»
«ማን ፍታው አለዎት?»
ወጡ። አቧራቸውን አራገፉ። ጭራሽ የተቆጡት እሳቸው ናቸው። «ሻግቷል እኮ! አታይም? አረንጓዴ ሆኗል፣ እንደ ኩሬ። አረጋም እንዲሁ ነበር፣ ጎበዝ ሾፌር ነው፣ ግን ውሃ መለወጥ አያውቅም። አንድ ቀን ሲደፋው አየሁና በየት እንደሚፈታ ተማርኩ። ውሻዬ ያን ሻጋታ ልሶ ሞተብኝ። ተዚያ ወዲህ በማርያም በማርያም እየደፋሁ ፀበሉን አገባላታለሁ።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ተፋሲካ በፊት ጀምሮ።»
«ለአረጋ ነግረውታል?»
«በጎ ሥራ ይወራል እንዴ? የመንገዱን ገደል እያየሁ ዝም ልበል? ሕመምተኛ የምታወርድ መኪና ናት። እሱስ የልጆች አባት አይደል?»

ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ፣ በጨለማ ወርደው፣ በዚያ ጉልበታቸው ተሸክመው ነው የሚያመጡት። ለአረጋ ሲሉ።

ተመስገን ልበል ወይስ ላልቅስ? ቀሪውን ኩላንት እንዳይደፉብኝ ቤቴ ወስጄ ደበቅኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22

ጥቂት ፀበል ለምኜ በቆርቆሮ አፈላሁት፣ ተንኖ እስኪያልቅ። ከሥሩ ነጭ ቅርፊት ቀረ። አያ ሞላ ቤት ያለው ማንቆርቆሪያም ውስጡ እንዲሁ ነው፤ በቢላ ቢፍቁት አይለቅም። ውሃው የሚወርድበትን የራዲያተሩን የታች የጎማ ቧንቧ ፈታሁ። ያው ነጭ ቅርፊት። የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ግማሻቸው ተደፍነዋል።

በሎሚ ማጠብ ነበረብኝ። አላጠብኩም። ማስረጃዬ እሱ ብቻ ነው።

አረጋ ምንም አላደረገም። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር እኒህን ሽማግሌ ይወስዷቸዋል፣ ወህኒ ቤቱን አይችሉትም። ዝም ብል አረጋ… ምነው ባላየሁ!

ዓርብ፣ ኅዳር 25

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስም አልጠራሁም።

«አባ፣ ፀበል ሞተር ውስጥ ቢገባ…»
«ይባረካል።»
«ቅርፊት ይሠራል እኮ አባ።»
«ፀበል ያጠፋል ነው የምትለው? ፀበል ይፈውሳል እንጂ መች ያጠፋና። ተው ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከአፍህ አታውጣው።»

አማተቡብኝ። ስግደት ጨመሩልኝ። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 29

ጨክኜ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ቢሮ ገባሁ። በወረቀት የጠቀለልኩትን ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ሞተሩን ያቃጠለው ይሄ ነው፣ የምንጭ ውሃ ነው፣ አረጋ አይደለም አልኩ።

«የየትኛው ምንጭ?»
«ከገደሉ ሥር ያለው።»
«ፀበሉ?» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጓድ ሰጠኝ፣ እኔ በዚህ ወረዳ ፀበል ምንም ኃይል የለውም እያልኩ ሳስተምር ጉሮሮዬ ነቃ። አሁን ፀበል ሞተር ሰበረ ብዬ ሪፖርት ልጻፍ?»
«ኃይል ስላለው አይደለም…»
«ማን ጨመረው?»
ቅርፊቱን በጣቴ ሰበሰብኩ።
«ማንም ካልጨመረው አረጋ ነው። ይሄን ኖራ ደግሞ ከየት ፍቀህ እንዳመጣኸው ማን ያውቃል? ውሰድልኝ።»

አንዱ ኃይል አለውና አይጎዳም ይላል። ሌላው ኃይል የለውምና አይጎዳም ይላል። በመሐል አረጋ ታስሯል። ስሙ ሀብተ ሥላሴ ባይሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 3

ዛሬ በዓታ ናት። አያ ሞላ ቅላቸውን ይዘው መጡ። መንገድ ላይ ጠብቄ እንዳይጨምሩ ለመንኳቸው። ለምን አሉ። ሌላ ምክንያት ልፈጥር ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ነገርኳቸው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቅሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩት?»
«እርስዎ ለበጎ ነው ያደረጉት አያ።»
«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ሽማግሌው ዛሬ ነጭ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ወደ ካድሬው ገቡ። «ሞተሩን የገደልኩ እኔ ነኝ፣ ልጁን ፍቱት» አሉ። ጓድ ሀብተ ሥላሴ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው፤ አከበራቸው። ከዚያ በሰው አስደግፎ ወደ ቤት መለሳቸው። «እርጅና ነው፣ ተንከባከቧቸው» አለ።

ያም አልበቃ፣ ሠፈሩ ተቆጣቸው። ለአንድ እስረኛ ብለው ፀበሉን ያስወቅሳሉ ተባሉ። ማታ እንጀራ ወሰድኩላቸው። አልነኩትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10

አልጣሽ ቢሮ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከገና በኋላ አረጋን ደሴ ሊያወርዱት ነው፣ ለፍርድ።

«ሰጠኝ ወንድሜ፣ በአሻጥር ደሴ ወርዶ የተመለሰ ታውቃለህ?»
አላውቅም። «አይዞሽ» አልኳት። እንዴት ያለ ባዶ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ፔጆዋ፣ ከፔጆዋ ቤት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ምንም አልሠራሁም። ምንም አልበላሁም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 16

ከአውራጃው አንድ ኢንስፔክተር መጥቷል። ደርባባ ሰው ነው፣ ሲያዳምጥ አያቋርጥም። እሑድ እሱንና ጓድ ሀብተ ሥላሴን ጋሸና አደርሳለሁ።

ኩላንቱ ቤቴ አለ። ልሙላው? ቀስቷ መሐል ላይ ትቆማለች፣ ጎበዝ ሾፌር እባላለሁ፣ ወሬው ያልቃል። አረጋ ደሴ ይወርዳል። ወይስ…

ወይስ ዓይናቸው እያየ ትፍላ? እዚያው ዳገት ላይ፣ በዚያው ውሃ።

ሞተሯን አላስነካም። ቀስቷ ቀዩ ላይ ሳትደርስ አጠፋታለሁ። ግን አውቄ ማድረጌ አይቀርም። አውቆ ማድረግ ምን እንደሚባል ይቺ ወረዳ አስተምራኛለች። ፈራሁ። እናቴ ብልባላ ገጠር ብቻዋን ናት። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 17

አያ ሞላን ፀበል አምጡልኝ አልኳቸው። እስኪሞላ ድረስ።

«ትጠየፈው አልነበር?»
ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳልነግራቸው ቅላቸውን አነሱ። ሲጨምሩ እንደ ሁልጊዜው ጸለዩ። መጨረሻ ላይ «እመቤቴ፣ ዛሬስ እንደ ፈቃድሽ አጥፊልን» አሉ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 18

ኢንስፔክተሩ ከጎኔ፣ ጓድ ሀብተ ሥላሴ በበሩ በኩል። የቀረውን ኩላንት በጀሪካን ደባልቄ ከኋላ ጭኛለሁ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ቀስቷ መነሳት ጀመረች። እነሱ ስለ ደጋው ገብስ ያወራሉ፤ እኔ ቀስቷን አያለሁ። ቀዩ ጋ ልትደርስ ስትል ዳር ይዤ አጠፋኋት። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ፏ አለ። ጓድ ሀብተ ሥላሴ ዘሎ ወረደ።

«ምን አደረግሃት?»
«አረጋ የነዳትን ውሃ ነው የሞላኋት።»

እስክትበርድ ጠበቅን። ነፋሱ አጥንት ይገባል። ከዚያ የራዲያተሩን የጎማ ቧንቧ ፈትቼ ለኢንስፔክተሩ አሳየሁት። ጣቱን አስገባ፣ ቅርፊቱን ሰበረ፣ በጥርሱ ሞከረው። የምንጩን ውሃ ደፋሁ። ዓይናቸው እያየ ኩላንቱን ሞላሁ። ቁልቁል ወረድን፣ ዞርን፣ ያንኑ ዳገት እንደገና ያዝን። ይሄኔ ሁለቱም ቀስቷን ብቻ ነው የሚያዩት። እንደ ኅዳሩ አልሆነችም፣ ቅርፊቱ ብሷል መሰለኝ፣ ከመሐል ትንሽ ከፍ አለች። እዚያው ቀረች። ጋሸና ገባን።

ኢንስፔክተሩ «ያ ሰውዬ ስንት ወሩ ነው ከታሰረ?» አለ። ካድሬው ወሩን ሳይቆጥርለት «ማዕድን ነው። ውሃው ማዕድን አለው። ይሄ ሳይንስ ነው» አለ። ይበል። የፈለገውን ይበለው!

ስንመለስ ግን፣ ልወርድ ስል፣ ካድሬው ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«አውቀህ ነው የሞላኸው?»
«አዎ» አልኩ።
«ማን አመጣልህ?»
«ራሴ ቀዳሁ።»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ሁለት ሚሊሺያ በር ላይ ቆመዋል። ካፖርት ልልበስ ብያቸው ነው ይቺን የምጽፈው። ታጋሾች ናቸው፣ አንዱን አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 8

ወልዲያ፣ ወህኒ ቤት። ወረቀቱን አልጣሽ ከበሶው ጋር አስገባችልኝ።

አረጋ ከተፈታ ሳምንት ሆነው። ጥፋቱ የውሃው ነው ተብሎ ተጻፈለት። እኔ ግን ውሃው እንደሚያጠፋ እያወቅኩ በመንግሥት መኪና ላይ ጨመርኩ ተባለ። ጓድ ሀብተ ሥላሴ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ዓይኔን አላየም። «አሻጥር ተብሎ የተከፈተ መዝገብ ያለ ሰው አይዘጋም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው። እንደኔ።

የንስሐ አባቴ መልእክት ልከዋል። ፀበሉ ለሰው እንጂ ለብረት አልተባረከም ብለዋል። ስግደቱን ግን አላነሱልኝም።

ዛሬ አረጋ መጣ። ቁልፉን መልሰውለታል። ከሽቦው ወዲያ ቆሞ አለቀሰ። ስለ ፔጆዋ ጠየቅኩት። ራዲያተሩን በሎሚ አጥቦታል። ቀስቷ ንቅንቅ አትልም አለ። አያ ሞላ አሁንም በማርያም ቅላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ፀበሉን አራቱ ጎማዎች ላይ ብቻ ረጭተው ይሄዳሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ዘበኛው ገላመጠን።

ከዚያ ሽቦውን ያዘ። ሊነግረኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ሰጠኝ… ከጥምቀት በኋላ ደሴ ልትወርድ ነው።»
«ሰምቻለሁ።»
«ወህኒ ቤቱ መኪና የለውም። የኛን ጽሕፈት ቤት ጠይቋል።»
ቀና ብዬ አየሁት።
«ፔጆዋ ናት የምትወስድህ። እኔ ነኝ የምነዳው። እምቢ ልል ነበር…»
«እንዳትል» አልኩት። «ሌላ ሰው አታስነካት።»

እንደገና ሊያለቅስ ሲል ቶሎ ሌላ ነገር አነሳሁ። ጀሪካኑ ውስጥ የተረፈውን በዝናብ ውሃ የደባለቅኩት እኔ ነኝ፣ ቢጎድል ከዚያው ጨምር አልኩት። መንገድ ላይ እኔን በመስታወት አትይ፣ ቀስቷን እይ አልኩት። እሺ አለኝ።

ለሱ አልነገርኩትም እንጂ ደሴን እፈራለሁ። መንገዱን ግን አልፈራም። መኪናዋ አትፈላም።